በጅማ ፋርማሲዎች የሚሸጡ የ«አንጎል» እንክብሎች ሲመዘኑ፦ እርድ፣ ጊንጎ፣ የዓሣ ዘይትና የቢ ቪታሚኖች

ከፈረንጅ አራዳ እስከ ሄርማታ መርካቶ ባሉ ፋርማሲዎች መደርደሪያ ላይ «ለማስታወስ ችሎታ»፣ «ለነርቭ ጤንነት»፣ አሁን አሁን ደግሞ «የአንጎል ብግነትን ለመቀነስ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ጠርሙሶች ይታያሉ። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ ታማሚው ራሱ አይደለም። አባቱ የለመዱት መንገድ የጠፋባቸው ልጅ ወይም እናቷ አንዱን ጥያቄ ደጋግመው የሚጠይቋት ሴት ናት። ይህ ግምገማ በብዛት የሚጠየቁትን አራቱን ይመዝናል፦ የእርድ ወይም የኩርኩሚን (የእርድ ቢጫ ንጥረ ነገር) እንክብል፣ ጊንጎ (ከአንድ ዛፍ ቅጠል የሚዘጋጅ)፣ የዓሣ ዘይት፣ እንዲሁም ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 የተቀላቀሉበት ክኒንና መርፌ። የአምራች ስም አንጠቅስም፤ ስሙ በየጭነቱ ይቀያየራል፣ በውስጡ ያለው ግን ያው ነው። የጥናቶቹ ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ከአራቱ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ቢ12 ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ጉድለቱ በደም ምርመራ ለታየበት ሰው።

ሻጮቹ የተንጠለጠሉበት፣ የአንጎልን ብግነት (የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የሚያስነሡትን ቁጣ) ማብረድ ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ በ1919 ለይቶ የገለጻቸው ማይክሮግሊያ የሚባሉ ሕዋሳት የአንጎል ዘበኞችም ጽዳት ሠራተኞችም ናቸው። በአልዛይመር (ዋነኛው የመርሳት በሽታ) ታማሚ አንጎል ውስጥ አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲን በተጠራቀመበት ቦታ ዙሪያ ተኮልኩለው፣ ብግነት የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችን ሲረጩ ይገኛሉ። በ2016 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ማይክሮግሊያ ኮምፕሊመንት ከሚባሉ የሰውነት መከላከያ ፕሮቲኖች ጋር ሆነው፣ በሽታው ገና ሲጀምር በነርቭ ሕዋሳት መካከል ያለውን መገናኛ እንደሚበሉ አሳየ። ለመገጣጠሚያ ሕመም ለዓመታት ፀረ ብግነት መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች የመርሳት በሽታ ብዙም አይዛቸውም የሚሉ የምልከታ ጥናቶች ቀደም ብለው ወጥተው ነበር። እንግዲያው ብግነቱን በመድኃኒት ብናበርደውስ?

ተሞከረ። አዳፕት የተባለው የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆነ 2528 ሰዎችን መዝግቦ ለአንዱ ቡድን ናፕሮክሰን 220 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሌላው ሴሌኮክሲብ 200 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለቀሪው አስመሳይ ክኒን ሰጠ። በታኅሣሥ 2004 በልብና በደም ሥር ጉዳት ስጋት መድኃኒቱ ተቋረጠ፤ በሽታውን የመከላከል ጥቅምም አልታየም። ፕሬድኒሶን በ138 ታማሚዎች ላይ ለአንድ ዓመት ተሞክሮ ውጤቱ በ2000 ሲታተም ማሽቆልቆሉን እንዳላዘገየ ታወቀ። ማይክሮግሊያን ያረግባል የተባለው ሚኖሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክም በ544 ሰዎች ላይ ለሁለት ዓመት ተሞክሮ በ2020 ያው ውጤት ወጣ። በ2018 የታተመው አስፕሪ የተባለ ጥናት 19 ሺህ በሚያህሉ አረጋውያን ላይ በቀን 100 ሚሊግራም አስፕሪን ሞክሮ፣ የመርሳት በሽታን ሳይቀንስ የመድማት አደጋን ጨመረ።

የከሸፈበት አንዱ ምክንያት ከዘረመል በኩል ይታያል። ትሬም2 የተባለው ጂን ማይክሮግሊያ ቆሻሻውን ለይተው እንዲከቡትና እንዲያነሡት የሚያደርግ ነው። በ2013 የታተሙ ሁለት ጥናቶች የዚህ ጂን ሥራ የደከመባቸው ሰዎች በአልዛይመር የመያዝ ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ እንደሆነ አረጋገጡ። የማይክሮግሊያ መድከም በሽታ ያመጣል ማለት ነው። ተመሳሳዩ ሕዋስ በአንዱ ደረጃ ይጠቅማል፣ በሌላው ይጎዳል፤ ሁሉንም በጅምላ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ጠቃሚውንም አብሮ ያደነዝዛል። በተጨማሪም የበሽታው ለውጥ ምልክቱ ከመታየቱ 15 እና 20 ዓመት በፊት ይጀምራል፤ ክኒኑ የሚገዛው ደግሞ ምልክቱ ከታየ በኋላ ነው። ለወገብ ሕመም የታዘዘውን ዳይክሎፌናክ «ለጭንቅላትም ይሆናል» ብሎ ማስቀጠል ትርፉ የጨጓራ ቁስልና የኩላሊት ጉዳት ነው።

ጠርሙሱ ላይ ያለው «ብግነት» ከማጅራት ገትር ወይም ከኢንሴፋላይትስ ጋር እንዳይምታታ። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ መቀባዠር ካለ ያ ፈጣን ብግነት ስለሆነ ፋርማሲ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ለጅማና ለአካባቢዋ ይህ ማለት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው።

አሁን ወደ እንክብሎቹ። ከእርድ እንጀምር፤ የ«ፀረ ብግነት» ስም ከሁሉም በላይ የተሰጠው ለእሱ ነው። ጠርሙሱ ሲያዝ መጀመሪያ የሚነበበው የፊቱ ቁጥር ሳይሆን የጀርባው ነው። «እርድ 500 ሚሊግራም» ከሆነ የተፈጨ እርድ ብቻ ነው፤ በእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን 3 በመቶ ገደማ ስለሆነ አንዷ እንክብል የያዘችው 15 ሚሊግራም ብቻ ነው። «ጭማቂ፣ 95 በመቶ ኩርኩሚኖይድ» ከሆነ፣ ማለትም ንጥረ ነገሩ ተነጥሎ የወጣበት ከሆነ ግን 475 ሚሊግራም ይሆናል። ሁለቱ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ፊታቸው ላይ ያው 500 ሊጻፍባቸው ይችላል። የመጀመሪያውን መግዛት ትርጉም የለውም፤ ከቴፒ በኩል የሚመጣው እርድ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 3 ግራም ያህል፣ 90 ሚሊግራም ስለሚይዝ ስድስት እንክብል ይተካል።

ጭማቂውም ቢሆን ችግሩ ሌላ ቦታ ይጠብቀዋል። ኩርኩሚን ከአንጀት በደንብ አይመጠጥም፤ የተመጠጠውንም የአንጀት ግድግዳና ጉበት ወዲያው ለውጠው ያስወግዱታል። በ2012 የታተመ ሙከራ ለ36 የአልዛይመር ታማሚዎች በቀን 2 ወይም 4 ግራም ለ24 ሳምንታት ሰጥቶ ጥቅም አላገኘም፤ በደማቸው ውስጥ የተገኘውም እጅግ ጥቂት ነበር። በተቃራኒው በ2018 በሎስ አንጀለስ የመርሳት በሽታ በሌላቸው 40 ሰዎች ላይ በልዩ ዘዴ የተዘጋጀ ኩርኩሚን፣ 90 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ18 ወራት ተሰጥቶ የማስታወስ ፈተና ውጤታቸው ተሻሽሏል። ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ነገር ግን 40 ሰው ብቻ ነው፣ ዝግጅቱም ተራው እንክብል አይደለም።

አንዳንዱ ጠርሙስ ይህን ለማለፍ ፒፐሪን፣ ማለትም የቁንዶ በርበሬ ጭማቂ ይጨምራል። በ1998 በታተመ ጥናት 20 ሚሊግራም ፒፐሪን ከ2 ግራም ኩርኩሚን ጋር ሲሰጥ ወደ ደም የሚገባው መጠን በ2000 በመቶ ጨምሯል። ማስታወቂያዎቹ ይህን ቁጥር ይወዱታል፤ መነሻው ሊለካ እስከማይችል ያነሰ እንደነበር ግን አይናገሩም። ፒፐሪን ጉበትና አንጀት መድኃኒት የሚያስወግዱበትን መንገድ ስለሚዘጋ የሌሎች መድኃኒቶች መጠንም በደም ውስጥ ከፍ ይላል። ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን ወይም ካርባማዜፒን፣ ለደም ግፊት ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ይህን ቅይጥ መተው አለበት። ከ2022 ጀምሮ በታተሙ ዘገባዎች ፒፐሪን ካለበት እርድ ጋር የተያያዘ የጉበት ጉዳት ተመዝግቧል፤ ሽንት ሻይ ከመሰለና ዓይን ቢጫ ከሆነ ወዲያው ማቆምና የጉበት ምርመራ ማድረግ ነው። የሐሞት ጠጠር ያለበትም ከእርድ እንክብል ይራቅ።

በወጥ ውስጥ ያለ እርድ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ዱቄት ሲገዛ ግን ቢጫነቱ ከልክ በላይ የሚያበራውን መጠርጠር ይገባል፤ በባንግላዴሽ እርድን ለማሳመር ሊድ ክሮሜት የተባለ ቀለም ይጨመርበት እንደነበር በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ሊድ ደግሞ ራሱ የአንጎል መርዝ ነው። ቀለሙ ድፍኑ ሥር ላይም ስለሚቀባ ድፍኑን ገዝቶ ማስፈጨት ብቻውን ከዚህ አያድንም።

ጊንጎ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። በዚህ መደርደሪያ ላይ ካሉት ሁሉ በሰፊው የተጠና እሱ ነው፣ ፍርዱም ግልጽ ነው። ጄም የተባለው የአሜሪካ ጥናት 3069 አረጋውያንን ለ6 ዓመት ገደማ ተከታትሎ በቀን ሁለት ጊዜ 120 ሚሊግራም ሰጠ። ውጤቱ በ2008 ሲታተም የመርሳት በሽታ የያዛቸው ጊንጎ ከወሰዱት 277፣ አስመሳይ ክኒን ከወሰዱት 246 ነበሩ። የፈረንሳዩ ጋይድኤጅ ከ2800 በላይ ሰዎችን ለ5 ዓመት ተከታትሎ በ2012 ተመሳሳይ መልስ ሰጠ። ጉዳቱ ደም ከሚያቀጥን መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ነው። ዋርፋሪን፣ አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬል የሚወስድ ሰው ጊንጎ አይጨምርበት፤ ቀዶ ሕክምና ወይም ጥርስ ማስነቀል የታቀደለትም ለሐኪሙ ሳይናገር አይለፍ። በጅማ የልብ ቫልቭ ሕመም ኖሮባቸው ዋርፋሪን የሚወስዱ ወጣቶችም ስላሉ ይህ የአረጋውያን ብቻ ጉዳይ አይደለም።

የዓሣ ዘይት የሒሳብ ጨዋታ ነው። «1000 ሚሊግራም የዓሣ ዘይት» የተለመደው እንክብል 180 ሚሊግራም ኢፒኤና 120 ሚሊግራም ዲኤችኤ የተባሉ የኦሜጋ 3 ስቦችን ይይዛል፤ የቀረው 700 ሌላ ስብ ነው። ለአንጎል የሚፈለገው ዲኤችኤ ነው። በ2010 የታተመው ትልቁ ሙከራ ለ402 የአልዛይመር ታማሚዎች በቀን 2 ግራም ዲኤችኤ ለ18 ወራት ሰጥቶ ማሽቆልቆሉን አላዘገየም። በተራው እንክብል ያን መጠን ለማግኘት በቀን 17 መዋጥ ያስፈልጋል፣ ያም ሆኖ ውጤቱ ባዶ ነበር። ገዝተው ያስቀመጡ ካሉ አንዱን በመርፌ ወግተው ያሽቱ፤ የተለመደው ቀላል የዓሣ ሽታ ሳይሆን የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ ተበላሽቷል። በጅማ ክረምት ርጥበት የጄላቲን እንክብሎች ስለሚጣበቁ ክዳኑ በደንብ ይዘጋ፣ ውስጡ ያለችው ርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣል። ገንዘቡን ከግልገል ጊቤ በሚመጣው ቆሮሶ ላይ ማዋል ይሻላል፤ ኦሜጋ 3 ይዘቱ ከባሕር ዓሣ ቢያንስም ፕሮቲንና ቢ12 ይሰጣል።

ቢ12 ላይ ጠለቅ ማለት ያስፈልጋል። ከአራቱ ውስጥ ጉድለቱ ራሱ መርሳት፣ መቀባዠር፣ የእግር መደንዘዝና ሲሄዱ መንገዳገድ የሚያመጣው፣ በጊዜ ከተደረሰበትም የሚታከመው እሱ ነው። ጤነኛ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ እንጂ ከጤፍ፣ ከሽሮ ወይም ከጎመን አይደለም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጉድለቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው። በጅማ ሊጠረጠር የሚገባው ማን ነው? ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ፤ ለጨጓራ ኦሜፕራዞልን ሳያቋርጥ ከዓመት በላይ የተጠቀመ፤ አጽዋማቱን በሙሉ የሚጾምና ከጾም ውጪም ሥጋና ወተት የማያገኝ፤ የቆየ የጨጓራ ብግነት ያለበት፤ ዕድሜውም ከ60 ያለፈ። እነዚህ በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ምርመራውን ማዘግየት አይገባም።

ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ደሙ ለምርመራ መሰጠት ያለበት መርፌው ከመወጋቱ በፊት ነው። አንዴ ከተወጉ በደም ውስጥ ያለው መጠን ለሳምንታት ከፍ ብሎ ስለሚቆይ ጉድለት ነበረ አልነበረም ማለት አይቻልም። ውጤቱ ሲመጣ መለኪያውን ይመልከቱ፤ ከ200 ፒኮግራም በሚሊሊትር በታች ጉድለት ነው፣ ከ200 እስከ 300 አጠራጣሪ። አንዳንድ ላብራቶሪ በፒኮሞል በሊትር ይጽፋል፤ በዚያ መለኪያ የጉድለቱ ወሰን 148 ነው። 180 ፒኮሞል የሚለውን ውጤት እንደ ፒኮግራም ማንበብ አጠራጣሪውን ጉድለት ያስመስለዋል፤ 180 በ1.355 ሲባዛ 244 ይሆናል። የደም ቆጠራ ላይ የቀይ ሕዋሳት መግዘፍ ጥርጣሬውን ያጠናክራል፣ አለመግዘፉ ግን ነፃ አያወጣም፤ የብረት እጥረት አብሮ ካለ አንዱ ሌላውን ይሸፍናል። ፎሊክ አሲድ ብቻውን መስጠትም ደሙን አስተካክሎ የነርቩን ጉዳት ያስቀጥላል።

ጉድለቱ ከተረጋገጠና የነርቭ ምልክት ካለ የተለመደው ሕክምና 1000 ማይክሮግራም በጡንቻ ነው፤ መጀመሪያ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ለአንድ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ለአንድ ወር ያህል፣ ከዚያ በወር አንዴ። ምልክቱ ቀላል ከሆነ በቀን ከ1000 እስከ 2000 ማይክሮግራም የሚዋጥ ክኒንም ይሠራል። ለውጡ በወራት እንጂ በቀናት አይጠበቅ፤ ከዓመት በላይ የቆየ ጉዳት ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። መጠኑ ጤናማ ለሆነ ሰው መርፌው ለማስታወስ የሚጨምረው ነገር የለም።

የክኒኑ ቅይጥ ላይ ግን ቅሬታ አለን። የተለመደው ቀመር ቢ1 100 ሚሊግራም፣ ቢ6 200 ሚሊግራም፣ ቢ12 200 ማይክሮግራም ነው። ቢ12ው ለጉድለት ሕክምና ያንሳል፣ ቢ6ው ደግሞ እጅግ ይበዛል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ለአዋቂ ያስቀመጠው የቢ6 ጣሪያ በቀን 12 ሚሊግራም ሲሆን የአሜሪካው 100 ነው። በቀን ሦስት ክኒን ለወራት የሚውጥ ሰው 600 ሚሊግራም እየወሰደ ነው። ከመጠን ያለፈ ቢ6 የስሜት ነርቭን ይጎዳል፤ ምልክቱም የእግርና የእጅ መደንዘዝ ነው። ክኒኑ የተገዛው ለመደንዘዝ ነበር፤ ሲብስበት ሰውየው መጠኑን ይጨምራል። ስለዚህ ቢ12 ብቻውን ያለበትን ዝግጅት ይጠይቁ፤ ከጠፋና ቅይጡ ግድ ከሆነ ከጥቂት ሳምንታት በላይ አይቀጥል።

ለማንኛውም ጠርሙስ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የማብቂያው ቀን ይታይ። 06/2026 የተጻፈበት የሚያበቃው በእኛ ሰኔ 2018 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲነበብ ገና ስምንት ዓመት የቀረው ይመስላል፣ 06ም የካቲት ይመስላል። ሻጩም ገዢውም በዚህ ሊሳሳቱ ይችላሉ። የምድብ ቁጥርና የአምራቹ አድራሻ የሌለበት፣ ወይም በሻንጣ መጣ ተብሎ ከሣጥኑ ውጪ የሚሸጥ ይቅር።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ «አዲሱን መድኃኒት እልካለሁ» ቢል፣ በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው የአልዛይመር መድኃኒት ሌካኔማብ ሲጀመር በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ፣ በተደጋጋሚ ኤምአርአይ የሚፈልግ መድኃኒት ነው። በዋናው ሙከራ ከወሰዱት 12.6 በመቶዎቹ አንጎላቸው ውስጥ እብጠት ታይቶባቸዋል። በፖስታ ተልኮ ቤት የሚጀመር ነገር አይደለም።

ለአራቱ ጠርሙሶች የተያዘው ገንዘብ መጀመሪያ የደም ግፊት መለኪያ መግዣ ይሁን። በ2019 የታተመው ስፕሪንት ማይንድ የላይኛውን ግፊት ከ140 ይልቅ ከ120 በታች ለማድረግ መታከም ቀላል የማስታወስ ችግርን በ19 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ከላይ የዘረዘርናቸው አንዳቸውም እንዲህ ያለ ውጤት የላቸውም። ቀሪው ለምርመራ ይዋል፦ ቢ12፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ የደም ስኳር፣ ኤችአይቪና ቂጥኝ። ሐኪም ዘንድ ሲኬድ ቤት ያለው መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይሂድ፤ ለጉንፋን የተገዛው ክሎርፌኒራሚን ያለበት ሽሮፕ፣ ለእንቅልፍ የሚወሰደው አሚትሪፕቲሊን ወይም ዲያዜፓም፣ ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲልም ሳይቀር። በአረጋውያን ላይ እነዚህ ራሳቸው መርሳትና መቀባዠር ያመጣሉ። ሽሮፑን የዚያኑ ቀን መተው ይቻላል፤ ዲያዜፓምና አሚትሪፕቲሊን ግን በድንገት አይቆሙም፣ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳሉ።